ዲፈረንሲያሉ ከተለወጠ በኋላ ጠብቆ ስለሚያስቸግር መኪና የሚያስረዳ ትምህርት

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚገኙ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች የቀረበ

በሬው አልሄድ ያለው ገበሬ ብልህ ከሆነ ሌላ በሬ ለመግዛት ወደ ገበያ አይሮጥም። አስቀድሞ ቀንበሩን፣ ማነቆውንና ሰኮናውን ይመረምራል። ችግሩ ከማነቆው የሆነ እንደ ሆነ ማነቆውን አላልቶ እርሻውን ይቀጥላል፤ ገንዘቡም በኪሱ ይቀራል። በመኪናም ነገር እንደዚሁ ሊሆን ይገባ ነበር። ነገር ግን በሬን ሰው ሁሉ ሲያውቀው የመኪናን የውስጥ አካል የሚያውቀው ጥቂት ስለ ሆነ፣ መኪና በተበላሸ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ምርመራው ይቀርና ግዢው ይቀድማል።

ይህ ትምህርት የተጻፈው ስለ አንድ ጕዳይ ብቻ ነው። ይኸውም የመኪናው ዲፈረንሲያል ተሰብሮ በሌላ ከተለወጠ በኋላ፣ መኪናው እንደ ቀድሞው ልቅ ሆኖ መሄዱን ትቶ የሚጠብቅና የሚከብድ ሲሆን፣ ምክንያቱን በምን መንገድ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ነው። ጕዳዩ የመካኒክ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ገንዘቡን የሚፈቅደው፣ ደረሰኙን የሚፈርመው፣ ሾፌሩንም የሚቀጣው ወይም ነጻ የሚያወጣው ሹሙ ወይም ባለ ንብረቱ ነውና፣ ሥራውን በእጁ ባይሠራ እንኳ በምን ተራ መሠራት እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

ስለ አገሩና ስለ መንገዱ

ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ኦቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በአዳማና በሞጆ አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አዳማ፣ ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው ከተማ፣ የመንገዶች መገናኛ ሆናለች። ከእርሷ አንዱ ጎዳና በመተሐራና በአዋሽ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ አሰላ ይወጣል። ከሞጆ የሚለየውም በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ ሻሸመኔ ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያም 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፍጥነት መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ተከፈተ።

መንገዱ እንዲህ ቢበዛም ለዲፈረንሲያል የሚመች ሁሉ አይደለም። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ መኪና ከ1,600 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ይወጣል። በሐይቆቹ ዙሪያ ያለው አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አሸዋና አመድ የበዛበት ስለ ሆነ በበጋ አቧራው ይደቅቃል። በሞጆ አካባቢ ያለው ጥቁር መሬት ደግሞ በክረምት ጭቃ ሆኖ መንኰራኵሩን ይይዛል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠራ መኪና ዲፈረንሲያሉን አንድ ቀን መለወጡ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

መኪናው በጋራዥ የሚቆምበት ቀንም ባዶ ቀን አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ከሆነ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ሳይደርስ ዝናቡ ይቀድማል። በመከር ጊዜ ከሆነ የአርሲ ስንዴ በአውድማ ይቆያል። የመቂና የባቱ ቲማቲምማ ሦስት ቀን እንኳ የሚታገሥ አይደለም። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ የሚሄድበት መኪና ሲቆምም ጉዳቱ በሰው መንጋ ላይ ነው።

ዲፈረንሲያል ምን እንደሚሠራ

በጥማድ የሚታረሱ ሁለት በሬዎች ትልሙን ይዘው በቀጥታ ሲሄዱ እርምጃቸው እኩል ነው። ከትልሙ ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ ግን በውስጥ በኩል ያለው በሬ በቦታው ይረግጣል፣ በውጭ በኩል ያለው ሰፊ ዙር ይሄዳል። ቀንበሩ ሁለቱን እኩል እንዲራመዱ ቢያስገድዳቸው ኖሮ ወይ ቀንበሩ ይሰበር ነበር ወይ አንዱ በሬ ይወድቅ ነበር። መኪናም ሲጠመዘዝ የውጭው መንኰራኵር ከውስጡ ይልቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ለሁለቱም ኀይልን እየሰጠ፣ ነገር ግን በየእርምጃቸው እንዲሄዱ የሚፈቅደው መሣሪያ ዲፈረንሲያል ይባላል።

አካሉም እንዲህ ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ ካርዳን ይባላል፤ በሁለቱ ጫፎቹ ክሮቸራ አለበት። ካርዳኑ ፒኞን የሚባለውን ትንሽ ጥርሰኛ ይዞራል። ፒኞኑ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ጥርሰኛ ያዞራል። ኮሮናው በተጣበቀበት ቤት ውስጥ ሳተሊቲ የሚባሉ ትናንሽ ጥርሰኞች አሉ፤ የሁለቱን መንኰራኵር እርምጃ የሚለያዩት እነዚህ ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ በቀኝና በግራ የሚወጡት ዘንጎች ሴሚያሴ ይባላሉ። ይህ ሁሉ የሚዞረው በኩሽኔታዎች ላይ ሲሆን፣ ጥርሱም ኩሽኔታውም በዘይት ውስጥ ይኖራል።

ኩሽኔታዎቹ ሲገጠሙ ጥቂት ጠበቅ ተደርገው ነው፤ ፒኞኑ ጭነት በመጣበት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ነው። ይህ ጥብቀት እንደ በሬ ማነቆ ነው። ከላላ ቀንበሩ ይወልቃል፤ ከጠበቀም በሬው ይታነቃል። አዲስ የተገጠመ ዲፈረንሲያል የሚያመጣው ችግር አብዛኛው ከዚህ መጠን ማለፍ ወይም ከዚህ መጠን መጉደል የሚወለድ ነው።

ስለ መጥበቅ ዐይነትና ስለ ምልክቱ

«መኪናው ጠበቀ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚይዝ፣ ከመፍታት በፊት ሾፌሩን በዝግታ መጠየቅ ይገባል። ሾፌሩ መኪናውን በየቀኑ የሚሰማ ሰው ስለ ሆነ እንደ ምስክር እንጂ እንደ ተከሳሽ ሊጠየቅ አይገባውም። የሚጠየቀውም ይህ ነው። መጥበቁ የጀመረው ከጋራዥ እንደ ወጣ ነውን ወይስ ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ? በቀጥታ ሲሄድ ነውን ወይስ ሲጠመዘዝ? በሁለት መንኰራኵር ሲነዳ ነውን ወይስ አራቱ ሲያያዙ? ሲቀዘቅዝ ነውን ወይስ ሲሞቅ?

ከዚህ በኋላ መኪናው ያለ ጭነት 15 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ይነዳና ይቁም፤ የትኛው ክፍል እንደ ሞቀም ይታይ። በእጅ ከመንካት በፊት ጥቂት ጠብታ ውሃ ማፍሰስ ይሻላል፤ ውሃው የሚንጨረጨር ከሆነ እጅ አይቅረብ። አንድ መንኰራኵር ብቻ የሞቀ እንደ ሆነ የዚያ መንኰራኵር ፍሬን ወይም ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ሁለቱም የኋላ መንኰራኵሮች የሞቁ እንደ ሆነ የእጅ ፍሬኑ ይጠረጠራል። የዲፈረንሲያሉ አፍ፣ ካርዳኑ የሚገባበት በኩል፣ እጅ የማያስደርስ ሆኖ የሞቀ እንደ ሆነ የፒኞኑ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ምንም ሳይሞቅ በመጠምዘዝ ጊዜ ብቻ የሚይዝ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ከሳተሊቲው፣ ከዘይቱ ወይም ከአራቱ መንኰራኵር መያያዝ የመጣ ሊሆን ይችላል። የዲፈረንሲያሉ ገላ መሞቁ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ሥራ የሠራ ብረት ሁሉ ይሞቃልና።

በተራ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሊሄድ ይገባል። ይህን ተራ ትቶ በመጀመሪያ ዲፈረንሲያሉን የሚፈታ መካኒክ፣ ደህና የሆነውን ነገር ሊያበላሽ ይችላል።

መኪናው በደልዳላ መሬት ይቁም። የፊት መንኰራኵሮች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። የኋላው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በሁለት ጽኑ የብረት ድጋፎች ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ሰው አይግባ። ማርሹ በፎሌ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። ከዚህ በኋላ መንኰራኵሮቹ በእጅ ይዞሩ፤ ክብደታቸውም ልብ ይባል።

አንደኛ፣ ፍሬን። ዲፈረንሲያል ሲለወጥ የፍሬኑ ቧንቧና የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይነካሉና፣ ተመልሶ ሲታሰር ገመዱ ሳይታወቅ ተወጥሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ገመዱ ይላላ፣ የፍሬኑ ጫማም ይመለስ። መንኰራኵሩ የለቀቀ እንደ ሆነ በሽታው ተገኘ። ያልለቀቀ እንደ ሆነ ደግሞ የፍሬን ዘይት ማስተንፈሻዋ ቡሎን ጥቂት ትከፈት፤ ዘይቱ ፈንጥቆ መንኰራኵሩ ወዲያው ከለቀቀ፣ ያረጀው የጎማ ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን ወደ ኋላ አልመልስ ብሏል ማለት ነው። የዚህ ቱቦ ዋጋ ከዲፈረንሲያል ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ካርዳን። ፍሬኑ ደህና ሆኖ መንኰራኵሩ አሁንም ከከበደ፣ ካርዳኑ ከፒኞኑ ይፈታ፤ ከመፈታቱም በፊት ሲመለስ በቦታው እንዲገጥም በሁለቱም ላይ ምልክት ይደረግ። ካርዳኑ ተፈትቶ መንኰራኵሮቹ የለቀቁ እንደ ሆነ በሽታው ከዲፈረንሲያሉ ፊት ነው፤ በካምቢዮው ወይም በክሮቸራው ይፈለጋል። ክሮቸራው በየአቅጣጫው በእጅ ሲታጠፍ ያለ መያዝ ሊታጠፍ ይገባዋል። ሲገጠም በመዶሻ ብዙ የተመታ ክሮቸራ፣ ውስጡ ካሉት ቀጫጭን መርፌዎች አንዱ ወድቆበት ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሴሚያሴ። ካርዳኑ ተፈትቶ ክብደቱ ያልተለወጠ እንደ ሆነ ሁለቱ ሴሚያሴዎች ወደ ውጭ ይሳቡ፤ ከዚያም ፒኞኑ በእጅ ይዙር። በአንዳንድ ዐይነት መኪና ሴሚያሴው የመንኰራኵሩን ቡሎኖች በመፍታት ብቻ ይወጣል፤ በሌላው ግን ፍሬኑን ማንሣት ያስፈልጋል። ፒኞኑ ልቅ ሆኖ ከዞረ ዲፈረንሲያሉ ደህና ነው። በሽታው እንግዲህ በመንኰራኵሩ ኩሽኔታ፣ በታጠፈው የአክሱ ቤት፣ ወይም ርዝመቱ የማይስማማ ሴሚያሴ ወደ ውስጥ በመግፋቱ ነው። ከሌላ ዓመት ምርት የመጣ ዲፈረንሲያል ሲገባ ይህ የመጨረሻው ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የአሮጌውና የአዲሱ ጥርስ ቍጥርና ርዝመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይለኩ።

በእነዚህ ሦስት መለያዎች የበሽታው ቦታ በአብዛኛው ይታወቃል። ሥራውም ለሠለጠነ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፒኞኑ ብቻውን በእጅ ሲዞር እንኳ የከበደ እንደ ሆነ ግን በሽታው ከውስጥ መሆኑ ተረጋግጧልና፣ ዲፈረንሲያሉን ለመፍታት ፈቃድ መስጠት የሚገባው አሁን ነው።

ከውስጥ ስለሚገኙ ምክንያቶች

የመጀመሪያው የፒኞኑ ኩሽኔታዎች ከመጠን በላይ መታሰር ነው። ይህ በግምት አይታወቅም፣ ይለካል እንጂ። ልዩ መሣሪያ ባይገኝ፣ በፒኞኑ አፍ ዙሪያ ሲባጎ ይጠመጠምና በምንጭ ሚዛን ቀስ ተብሎ እኩል ይሳባል። ሚዛኑ በሚያዞርበት ጊዜ ያሳየው ኪሎ፣ ከመካከሉ እስከ ሲባጎው ባለው ርቀት በሳንቲ ሜትር ይባዛል። ለምሳሌ ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሚዛኑ 3 ኪሎ ቢያሳይ፣ የመዞሪያው ኀይል 15 ኪሎ ሳንቲ ሜትር ነው ይባላል። ይህም ልክ የመኪናው ሠሪ በመጽሐፉ ካዘዘው ጋር ይነጻጸራል። የሚለካውም ኮሮናው ሳይገባ፣ ፒኞኑ ብቻውን ሆኖ ነው። ያገለገለ ኩሽኔታ ከአዲሱ ግማሽ ያህል ጥብቀት ብቻ እንደሚበቃውም ልብ ይሏል። አሮጌውን በአዲሱ ልክ ያሰረ ሰው ኩሽኔታውን አቃጥሏል።

በብዙ መኪና ውስጥ በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል ሲጨመቅ የሚያጥር የብረት ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የተጨመቀ እንደ ሆነ፣ የፒኞኑን ዳዶ ወደ ኋላ ማላላት አያድነውም። ኩሽኔታው ይላላል፣ ዳዶውም መያዣ ያጣል። መፍትሔው ቀለበቱን በአዲስ መለወጥ ብቻ ነው። «ትንሽ አላላሁት፣ ተስተካከለ» የሚል መካኒክ ከተገኘ ሥራው እንደ ገና ሊታይ ይገባዋል።

ሁለተኛው በኮሮናና በፒኞን ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት መጥበብ ነው። በአብዛኞቹ ቀላል መኪኖች ይህ ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥርስ ከጥርስ ጋር ክፍተት ከሌለው፣ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ይተሻሻል፣ ያለቅሳልም። ሲዞር በአንድ ስፍራ የሚጠብቅና በሌላ ስፍራ የሚላላ እንደ ሆነ ደግሞ ኮሮናው ጠማማ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ቆሻሻ ገብቶበት ወይም ቡሎኖቹ እኩል ሳይጠብቁ ቀርተው ይሆናል።

ሦስተኛው የኩሽኔታ ክዳኖች መቀያየር ነው። ኮሮናውን የሚይዙት ሁለቱ ክዳኖች ከቤታቸው ጋር አብረው የተፈለፈሉ ስለ ሆኑ፣ የቀኙ በግራ የግራው በቀኝ የገባ እንደ ሆነ ኩሽኔታውን ይቆነጥጡታል። ከመፈታታቸው በፊት ምልክት ማድረግ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አራተኛው ኮሮናን ከአንዱ፣ ፒኞንን ከሌላው አምጥቶ ማጋባት ነው። እነዚህ ሁለቱ በፋብሪካ አብረው የተፋጩ ጥንዶች ናቸው፤ እንደ ወፍጮና እንደ መጁ አንዱ ለሌላው ለምዷል። አንዱ ሲሰበር ሁለቱም ይለወጣሉ።

የጥርሱ አቀማመጥ ትክክል መሆኑ በቀለም ይፈተናል። በኮሮናው ጥርስ ላይ በዘይት የተለወሰ ቀለም በስሱ ተቀብቶ ፒኞኑ ወዲያና ወዲህ ሲዞር፣ የተነካው ስፍራ ይታያል። ምልክቱ በጥርሱ መካከል ላይ ከዋለ መልካም ነው። በጥርሱ ሥር ከዋለ ፒኞኑ እጅግ ገብቷል፤ በጫፉ ላይ ከዋለ ብዙ ወጥቷል፤ ሁለቱም በስስ የብረት ንጣፍ ውፍረት ይታረማሉ። ሹም የሆነ ሰው ይህን ቀለም በዐይኑ አይቶ ሊረዳው ይችላልና፣ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ቢጠይቅ ነውር አይሆንበትም።

የጥርስ ቍጥር ስላለመስማማቱ

በአራት መንኰራኵር በሚነዳ መኪና ሁሉም ነገር በደንብ ተገጥሞ ሳለ መኪናው ሊይዝ ይችላል። ለምሳሌ አንድ የወረዳ መኪና የኋላው ዲፈረንሲያል ተሰበረ እንበል። በአዲስ አበባ መርካቶ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲፈረንሲያል ተገዝቶ ተገባለት። በአስፋልት ሲሄድ ምንም የለውም። በክረምት ወደ ገጠር ወጥቶ አራቱ መንኰራኵሮች በተያያዙ ጊዜ ግን መኪናው ይከብዳል፣ ጎማው ይፋጫል፣ ማርሹም ከቦታው አልወጣ ይላል። ሾፌሩ በአነዳድ ይወቀሳል፤ መካኒኩም በሻጩ ያሳብባል።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በፊት ያለው ኮሮና 37 ጥርስ ፒኞኑም 9 ጥርስ ቢኖረው፣ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ እንዲዞር ካርዳኑ 4.11 ጊዜ ይዞራል። በኋላ የገባው ግን 43 ጥርስ ለ11 ጥርስ ቢሆን 3.91 ጊዜ ብቻ ይዞራል። አራቱ ሲያያዙ ሁለቱ ካርዳኖች እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉና፣ የፊቱ መንኰራኵር 1,000 ሜትር በሚሄድበት ጊዜ የኋላው 1,050 ሜትር ያህል ሊሄድ ይፈልጋል። ይህን 50 ሜትር የሚሸከመው ጎማውና ጥርሱ ነው። በጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይታገሣል፤ በደረቅ መሬት ግን የሚሰበር ነገር ይፈልጋል።

ይህን ሳይፈቱ ማወቅ ይቻላል። ሁለቱ የኋላ መንኰራኵሮች ተነሥተው፣ በካርዳኑና በመንኰራኵሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ፣ ሁለቱ መንኰራኵሮች አብረው 10 ጊዜ ይዙሩ። ካርዳኑ 41 ጊዜ ዞሮ ጥቂት ካለፈ አንደኛው ነው፤ 39 ጊዜ ዞሮ ጥቂት ካለፈ ሁለተኛው ነው። በፊትም እንደዚሁ ተደርጎ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ያልተስማሙ እንደ ሆነ እስኪስተካከል ድረስ አራቱን ማያያዝ ይከልከል። ዲፈረንሲያል ለመግዛት የሚላክ ሰውም የጥርሱን ቍጥር በወረቀት ጽፎ ይዞ ይሂድ፤ «የዚህ መኪና ዲፈረንሲያል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ አንድ ዐይነት መኪና በልዩ ልዩ ቍጥር ተሠርቶ ይወጣልና።

ነገር ግን ቍጥሩ የተስማማ መኪና እንኳ አራቱ ተያይዘው በደረቅ አስፋልት ሲጠመዘዝ ሊይዝ እንደሚችል ይታወቅ። ይህ የብዙ የገጠር መኪና ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። መድኃኒቱም አስፋልት ሲደርሱ አራቱን መፍታት ነው።

ስለ ዘይት

የዲፈረንሲያል ዘይት የሞተር ዘይት አይደለም። ፒኞኑ ከኮሮናው መካከል ዝቅ ብሎ በሚገጥምበት ዲፈረንሲያል፣ ጥርሱ እየተንሸራተተ ስለሚተሻሽ፣ ጂ.ኤል. 5 የሚባለው ዐይነት ዘይት ያስፈልገዋል፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ 90 ወይም 80 ደብልዩ 90 ነው። አዲስ ዲፈረንሲያል ደርቆ ይመጣል፤ ዘይት ሳይሞላ የተነዳ እንደ ሆነ በጥቂት ኪሎ ሜትር ይቃጠላል። ስለዚህ የመሙያው ቡሎን ተከፍቶ ዘይቱ እስከ አፉ መድረሱ በጣት ይታይ።

አንዳንድ ዲፈረንሲያል ደግሞ አንዱ መንኰራኵር በጭቃ ብቻውን እንዳይዞር የሚይዙ የሚተሻሹ ሰሌዳዎች በውስጡ አሉት። ይህ ዐይነት የራሱ ዘይት ካልገባለት ሲጠመዘዝ ይንቀጠቀጣል፣ ይይዛልም። ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ይግባ፣ ሁለቱም መንኰራኵር እንደ ተነሡ አንዱ በእጅ ይዙር። ሌላው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ በቀላሉ ከዞረ ተራው ዐይነት ነው፤ እጅግ ከከበደ ወይም ፈጽሞ አልዞር ካለ የሚይዘው ዐይነት ነው፣ ወይም ሳተሊቲው ተጣብቋል።

ዘይቱ ሲፈስ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል። ወንዝ ወይም ጎርፍ የተሻገረ ትኩስ ዲፈረንሲያል በድንገት ሲቀዘቅዝ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ መተንፈሻው ቱቦ የወለቀ ወይም በጭቃ የተደፈነ እንደ ሆነ በአየሩ ፈንታ ውሃ በፓራዮሊው በኩል ይገባል። ዲፈረንሲያል የለወጠ መካኒክ ይህን ቱቦ መመለስ ሊረሳ ይችላልና ይፈተሽ።

ስለ ትራክተር

በአዳማ ከተማ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከቆመ ወዲህ፣ ትራክተር ለዚህ አገር ገበሬ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ትራክተርም ዲፈረንሲያል አለው፤ በተጨማሪም ሁለቱን መንኰራኵር በአንድነት የሚያስር ማገጃ አለው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በእግር የሚረገጥ ነው። ከጥገና በኋላ አልጠመዘዝ የሚል ትራክተር ቢገኝ፣ አስቀድሞ ይህ ማገጃ ወደ ቦታው መመለሱ ይታይ። ምንጩ የደከመ ወይም ዘንጉ በጭቃ የተያዘ እንደ ሆነ ማገጃው ታስሮ ይቀራል። ታስሮ ሳለ በግድ የተጠመዘዘ ትራክተር ወይ አክሱን ይሰብራል ወይ በተዳፋት ላይ ይገለበጣል።

የሹምና የባለ ንብረት ሥራ

«አዲስ ስለ ሆነ ነው፣ እየሄደ ይላላል» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ጥቂቱ እውነት ነው፤ አዲስ ጥርስ እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ጭነትና ያለ ፍጥነት ይነዳ፣ በመጀመሪያውም ቀን 20 ደቂቃ ያህል ተነድቶ ይቀዝቅዝ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢም ዘይቱ ይለወጥ። ነገር ግን በእጅ አልዞር ያለ፣ እጅ እስኪያቃጥል የሞቀ፣ ወይም የሚያለቅስ ዲፈረንሲያል በመሄድ አይላላም። ኩሽኔታው ይቃጠልና ፒኞኑ በድንገት ይቆማል፤ ያን ጊዜ የኋላ መንኰራኵሮቹ በፍጥነት ላይ ሳሉ ይታሰራሉ። ይህ ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ሰው በተጫነበት መኪና ላይ የደረሰ እንደ ሆነ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ኀላፊነት ያለው ሰው ይህን ሥርዐት ቢጠብቅ መልካም ነው። ዲፈረንሲያል ከመገዛቱ በፊት የአሮጌው የጥርስ ቍጥር ተቈጥሮ ይጻፍ። የተሰበረው ዕቃ ለባለ ንብረቱ ሳይታይ አይጣል። የተለካው የመዞሪያ ኀይልና የጥርሱ ክፍተት በሥራው ወረቀት ላይ በቍጥር ይግባ፤ «ተሠርቷል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ሾፌሩ ባለበት 15 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሙቀቱ ይታይ። መኪናው የጠበቀ እንደ ሆነ ፍሬኑ፣ ካርዳኑና ሴሚያሴው በተራ ሳይለዩ ለሁለተኛ ዲፈረንሲያል ገንዘብ አይፈቀድ።

ከሁሉ ይልቅ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሾፌሩ ደመወዝ አይቆረጥ። በተሳሳተ ቍጥር የተገዛ ዲፈረንሲያልና በግምት የታሰረ ኩሽኔታ የሾፌር ጥፋት አይደለም። ያለ ጥፋቱ የተቀጣ ሾፌር ሌላ ጊዜ መኪናው ሲያለቅስ ቢሰማ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሁሉ የሚሰበረውን ብረት ነው። በጊዜው የተናገረ ሾፌር ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ የመንግሥትንም የባለ ንብረቱንም ገንዘብ ያዳነ እርሱ ነውና።